«ሬይን ቼክ» ያስተማሩኝ ሽማግሌ

ደብረ ብርሃን ሰባት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ሰዋስዉን ሁሉ ደብተር ሳልይዝ ሰሌዳ ላይ እጽፍ ነበር። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ መጥቼ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ሺፍት ስጀምር ግን መጀመሪያ ያስቸገረኝ ከባድ ቃል አልነበረም። «አይም ጉድ» ነው።

አንድ ሽማግሌ «ውሃ ላምጣልዎት?» ስላቸው «አይም ጉድ» አሉኝ። ደህና ነኝ ያሉኝ መስሎኝ ቀድቼ አመጣሁላቸው። ደገሙት፤ አሁን ድምፃቸው ጠንከር ብሏል። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ለካ «ይስጥልኝ፣ አልፈልግም» እያሉኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው። ከባድ ቃል ብዙም አይጎዳንም፤ አለማወቃችን ስለሚገባን እንጠይቃለን። የሚጎዳን እያንዳንዱን ቃል የምናውቀው አነጋገር ነው። የገባን ይመስለንና ዝም እንላለን።

እኚያው ሽማግሌ በኋላ አስተማሪዬ ሆኑ። በልቤ «ጋሼ» ነበር የምላቸው። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ማታ ማታ ሬዲዮ ከፍተው ቤዝቦል ይሰማሉ፤ ኳስ በዱላ መትተው የሚሮጡበት የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። አንድ ማታ ከቤት በፔርሙዝ ያመጣሁትን ቡና ልቅዳላቸው ስል «ሬይን ቼክ ልውሰድ» አሉኝ። በመስኮት አየሁ። ደመና እንኳ የለም። ያን ቀን ግን ዝም አላልኩም፤ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

ደስ አላቸው። ሶፍት አነሱና እስክሪብቶ ተቀበሉኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አራት ማዕዘን ሜዳ ሣሉ፤ በየማዕዘኑ አንድ አንድ ነጥብ። ከዚያ ሜዳው ላይ ብዙ ትንንሽ ሰረዝ ጫሩበት፤ ዝናቡ መሆኑ ነው። ጨዋታ በዝናብ ሲቋረጥ የትኬቱ ቁራጭ ለሌላ ቀን ጨዋታ ያስገባል። ይህ አሠራር ከ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ስለዚህ «ሬይን ቼክ» ያለህ ሰው እንቢ አላለህም። «ዛሬ አይሆንልኝም፣ ግብዣህን ግን አቆይልኝ» ነው ያለህ። እኛ «ሌላ ጊዜ ያድርሰን» እንደምንለው።

ከዚያች ሶፍት ላይ ብዙ ነገር ተማርኩ። ሱፐርቫይዘሬ «ነገ ተች ቤዝ እናደርጋለን» ስትል የጦር ሰፈር ነበር የሚታየኝ። ቤዝ ማለት ሯጩ እየነካ የሚያልፈው ማዕዘን ነው፤ እሷ የምትለው «ነገ አጠር አድርገን እንነጋገር» ነው። «ቦልፓርክ ፊገር» ሲሉህ ትክክለኛውን ቁጥር አልጠየቁህም፤ በግምት ንገረን ማለታቸው ነው። ቦልፓርክ የጨዋታው ሜዳ ነው። «ከርቭቦል ወረወረብኝ» ያለ ሰው ደግሞ ያልጠበቀው ነገር ገጥሞታል፤ ኳሷ ቀጥ ብላ የምትመጣ መስላ ትታጠፋለች።

ጋሼ በልጅነታቸው ዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ በነበረው ግሪፊዝ ስታዲየም ሴናተርስ የሚባለው የቤዝቦል ቡድን ሲጫወት ያዩ ሰው ናቸው። ስታዲየሙ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ፈርሷል። ዛሬ ቦታው ላይ ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ይህን ሲነግሩኝ ገረመኝ። እኔ እኮ እንጀራ ልገዛ ዩ ስትሪትና ናይንዝ ስትሪት ስሄድ በዚያው ሰፈር ነው የምመላለሰው። ያ ሁሉ አነጋገር የተወለደበት ጨዋታ ሐበሻ ቡና ከሚጠጣበት ሰፈር አጠገብ ይካሄድ ነበር።

ትርጉሙን ማወቅ ግን ብቻውን አይበቃም። «ኪክ ዘ ባኬት» የሚለውን ስሙኝ። ቃል በቃል ባልዲውን በእግሩ መታ ነው፤ ትርጉሙ ሞተ። በ1785 (እ.ኤ.አ.) ፍራንሲስ ግሮስ ባሳተመው የተራ ሰው አነጋገር መዝገበ ቃላት ውስጥ ሳይቀር አለ። መዝገበ ቃላት ውስጥ ስላለ ግን ለቅሶ ቤት ይዛችሁት እንዳትገቡ። ባሏ የሞተባትን ሴት «ባልሽ ክልትው አለ አሉ» ብሎ የሚያጽናና አለ? ልክ እንደዚያ ነው። እያንዳንዱን አነጋገር ከትርጉሙ ጋር ማን ለማን፣ የት እንደሚለው አብራችሁ ያዙት። ልጄ ከጓደኞቿ ጋር «ኖ ካፕ» ትላለች፤ በኛ «ሙች» እንደማለት ነው። ለአስተማሪዋ ግን አትለውም። እኔም ለአለቃዬ አልለውም።

ጋሼ ሬይን ቼካቸውን አልረሱትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ገና በሩን ስከፍት «ዝናቡ አባርቷል» አሉኝ። ግማሽ ሲኒ ጠጡ፣ ያለ ስኳር። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሲኒያቸውን አብሬ እይዝ ጀመር።

ጥቅምት ላይ አንድ ማታ ሥራ ስገባ ሱፐርቫይዘሬ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ክንዴን ያዝ አደረገችና «ሂ ፓስድ» አለችኝ። አለፉ። ይህን ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም፤ እኛም እንዲሁ ነው የምንለው።

ፔርሙዙ እጄ ላይ ነበር። የሁለት ሰው ቡና ነው አፍልቼ የመጣሁት።