መስቀል አደባባይ አካባቢ ድሮን ከማንሳታችሁ በፊት

ፈቃድ በእጃችሁ ቢኖርም ድሮኑን ከሰው አናት በላይ አታብርሩት። 1 ኪሎ የሚመዝን ድሮን ከ30 ሜትር ቢወድቅ፣ አየሩ የሚገታውን ሳንቆጥር፣ በሰከንድ 24 ሜትር ገደማ እየተምዘገዘገ ነው የሚያርፈው። ከሕዝቡ ጎን ሆናችሁ ካሜራውን አዘንብሉት፤ ምስሉም እንዲያውም ያምራል።

ከመነሳቱ በፊት የሚሽከረከረውን ክንፍ ጠርዝ በጥፍራችሁ ዳብሱ። ጥፍር ከያዘ ተሰንጥቋል፤ ማስቲሽ አያድነውም፣ ቀይሩት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ክንፉ ፈጥኖ ይሽከረከራል፣ ባትሪም ቶሎ ያልቃል። 40 በመቶ ሲቀር መልሱት።

ረጃጅም ሕንጻዎች ባሉበት ሰንጋተራ ላይ የሚያሰጋው ሌላ ነው። ሲግናል ሲቋረጥ ድሮኑ በራሱ የሚመለስበት ከፍታ 30 ሜትር ላይ ከተተወ፣ በቀጥታ ከሕንጻ ጋር ሊላተም ይችላል። የንግድ ባንክ ሕንጻ 209 ሜትር ነው፤ እዚያ አጠገብ ሲግናል ሲቋረጥ እንዳይመለስ፣ አየር ላይ ባለበት እንዲቆም አስተካክሉት።