በዓቢይ ጾም የጀርመንን ሱፐርማርኬቶች እንዴት እንደለመድኋቸው

መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ለሁለት ሳምንት የሥራ ሥልጠና በርሊን ስገባ ዓቢይ ጾም ከተያዘ ከአምስት ሳምንት በላይ ሆኖት ነበር። ለምግብ የመደብኩት ገንዘብ በቀን 10 ዩሮ ብቻ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዩሮ ከቤተሰብ ወጪ ላይ ምን ያህል እንደሚቆርጥ የሚያውቅ ሰው ልኩን ለምን እንዳጠበቅሁት ይረዳልኛል። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከባቡር ጣቢያና ከመንገድ ዳር የተዘጋጀ ምግብ እየገዛሁ 50 ዩሮ ያህል ጨረስኩ፤ የበላሁትም ፈላፍል፣ ደረቅ ዳቦና የተጠበሰ ድንች እንጂ ሌላ አልነበረም። ያረፍኩበት ሆስቴል ምድጃ፣ ድስትና ቢላ የተሟላለት የጋራ ወጥ ቤት እንዳለው ልብ ያልኩት በሦስተኛው ቀን ማታ ነው። ከነገ ጀምሮ ሸምቼ ራሴ አበስላለሁ ብዬ ተኛሁ።

ነገ ያልኩት ቀን እሑድ ነበር። ጠዋት የጨርቅ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁና በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሱፐርማርኬቶች ደጃፍ ደርሼ ሦስቱንም ዝግ ሆነው አገኘኋቸው። በጀርመን ሱቆች እሑድና በሕዝባዊ በዓላት እንዲዘጉ በሕግ የተወሰነ ሲሆን፣ ከዚህ ነፃ የሆኑት በዋነኛነት በባቡር ጣቢያ፣ በአውሮፕላን ማረፊያና በነዳጅ ማደያ ያሉት፣ እንዲሁም ለጥቂት ሰዓታት የሚከፍቱ ዳቦ ቤቶች ናቸው። እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከሰፈር ሱቅ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት መግዛት ለለመደ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ቶሎ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ያን ቀን የደረሰልኝ ከቤት ይዤው የመጣሁት ሽሮ ነው። እናቴ «ለፋሲካ ይሆንሃል» ብላ ንጥር ቅቤና ቋንጣም ልትጨምርልኝ ነበር፤ ነገር ግን እንደ እኛ ካሉ አገሮች የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ሽሮ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ ብቻ ይበቃኛል ብዬ አሳምኛት ነበር።

ሰኞ ከሥልጠና ስመለስ ከሆስቴሉ አጠገብ ወዳለ ሱፐርማርኬት ገባሁ። ምስር ክክ ካለበት መደርደሪያ ፊት ቆሜ ሁለት ፓኬት አነጻጸርኩ፤ አንዱ 1,49 ዩሮ፣ ሌላው 1,99 ዩሮ ይላል። ጀርመኖች እኛ ነጥብ በምናደርግበት ቦታ ኮማ ያደርጋሉ፤ ይህን ከለመዱ በኋላ የቀረው ቀላል መሰለኝና ባለ 1,49ኙን አነሣሁ። እጄን ስመልስ ግን ከመደርደሪያው ጠርዝ ላይ በተለጠፈው የዋጋ ወረቀት፣ ከትልቁ ቁጥር ሥር፣ የሩዝ ፍሬ በምታህል ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር ዓይኔ ውስጥ ገባች። አንደኛው የኪሎ ዋጋ 4,26፣ ሁለተኛው 3,98 ይላል። ለካ ርካሽ የመሰለኝ ፓኬት የያዘው 350 ግራም ሲሆን ሌላው ግማሽ ኪሎ ነበር፤ መጠቅለያው ግን ቁመቱም ስፋቱም እኩል ነው። ሻጮች የኪሎውን ወይም የሊትሩን ዋጋ ከፓኬቱ ዋጋ ጋር እንዲጽፉ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ትልቁን ቁጥር ማየት ተውኩ፤ ዘይትም ሆነ ሩዝ፣ ፓስታም ሆነ ቡና፣ በመጀመሪያ ትንሿን መስመር አነባለሁ፣ ቀጥሎ እቃውን አነሣለሁ። ቤተሰብ የሚያህል ትልቅ ፓኬት ሁልጊዜ ይረክሳል የሚለው እምነቴም በዚያው ቀረ፤ የኪሎ ዋጋቸው ሲታይ ከትንንሾቹ የሚወደዱ ትልልቅ ፓኬቶች ብዙ ጊዜ አጋጥመውኛል።

ትንሿን መስመር ማንበብ ስጀምር ዓይኔ ወደ ታች መውረድ ለመደ። በዓይን ትክክል ላይ የሚደረደሩት በማስታወቂያ የታወቁት እቃዎች ሲሆኑ፣ ሱፐርማርኬቱ በራሱ ስም የሚያሽጋቸው ርካሾቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጉልበት ከፍታ ወይም ከዚያ በታች ይቀመጣሉ። ሬቨ የተባለው ሱፐርማርኬት «ያ!»፣ ኤዴካ ደግሞ «ጉት ኡንድ ጉንስቲግ» የሚል ስም ሰጥቷቸዋል። እንደ አልዲ፣ ሊድል፣ ፔኒና ኔቶ ያሉት የቅናሽ ሱፐርማርኬቶች ዘንድ ደግሞ አብዛኛው እቃ የራሳቸው ስም ያለበት ነው። የርካሽነታቸው ምንጭ የገባኝ አልዲ ውስጥ ስዘዋወር ነው። ካርልና ቴዎ አልብሬሽት የተባሉ ወንድማማቾች እናታቸው በ1913 እ.ኤ.አ. በኤሰን ከተማ ከከፈተችው ትንሽ ሱቅ ተነሥተው ያስፋፉት ይህ ድርጅት፣ ከጥንት ጀምሮ የእቃውን ዓይነት ያሳንሳል፣ እቃውን ከመጣበት ካርቶን ሳያወጣ ይደረድራል፣ ጥቂት ሠራተኛ ይይዛል። ሌላው ዘንድ አሥር ዓይነት ፓስታ በሚታይበት ቦታ እዚህ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ብቻ ይገኛል፤ ለመምረጥ የሚጠፋው ጊዜም በዚያው ልክ ያንሳል። መንገደኛ የሚቸኩል ሰው ስለሆነ ይህንንም እንደ ጥቅም ቆጥሬዋለሁ።

ጾመኛ መሆኔ ሥራዬን ያከብድብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እውነትም በመጀመሪያው ሳምንት ተሳሳትኩ፤ ቅናሽ የተደረገበት ማርጋሪን «ከአትክልት የተሠራ ነው» ብዬ ገዝቼ፣ ዳቦዬን ልቀባ ስል ከውህዶቹ መካከል የአይብ አጓት እንዳለበት አነበብኩ። በርበሬ የተቀባ የሚመስለው የድንች ጥብስ ፓኬትም የወተት ዱቄት ነበረበት። ሁለቱንም ለሆስቴሉ እንግዶች ትቼ መፍትሔ መፈለግ ያዝኩ፤ መፍትሔውም እዚያው ፓኬቱ ጀርባ ላይ ነበር። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ለአንዳንድ ሰው የማይስማሙ እንደ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ያሉ ነገሮች በውህዶቹ ዝርዝር ውስጥ ከሌላው ተለይተው መታየት ስላለባቸው፣ በአብዛኛው የሚታተሙት በደማቅ ፊደል ነው። ስለዚህ ጀርመንኛ ማወቅ አላስፈለገኝም። ወተት ማለት የሆነውን «ሚልሽ»፣ እንቁላል የሆነውን «አይ» እና ቅቤ የሆነውን «ቡተር» በላቲን ፊደል በእጄ መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ ጽፌ ኪሴ ውስጥ ያዝኩ፤ ደማቁን ፊደል ከወረቀቴ ጋር ማስተያየት ብቻ ሆነ ሥራዬ። ደንቡ የወጣው ስለ ጤና እንጂ ስለ ጾም አይደለም፤ ቢሆንም ለእኔ የሰጠኝ ዕረፍት ቀላል አልነበረም።

ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝን ነገር ግን ያገኘሁት ከሰው ነው። በቬዲንግ ሰፈር በሚገኝ ሱፐርማርኬት ውስጥ ምስር ሳገላብጥ አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊት ጠጋ ብለው «ሐበሻ ነህ ልጄ?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ» ስላቸው ፓኬቱን ከእጄ ወስደው ወደ መደርደሪያው መለሱና «ምስርና ሽንኩርት ከዚህ አይገዛም፤ ከቱርኮቹ ነው የሚገዛው፤ ና ላሳይህ» ብለው ሁለት መንገድ ተሻግረው ወሰዱኝ። የቱርኮቹ ሱቅ ደጁ በአትክልት ሣጥን የተሞላ ነው። ምስር ክኩ በአንድ ኪሎና ከዚያም በሚበልጥ ከረጢት የታሸገ ሲሆን የኪሎ ዋጋው ከሱፐርማርኬቱ ከአንድ ዩሮ በላይ ይቀንሳል። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሩዝ፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርትም እንደዚሁ ነው። እማማ ቃሪያውን ጫፉን ሰበር አድርገው እያሸተቱ የሚያቃጥለውን ከማያቃጥለው ለዩልኝ። ልሸኛቸው ብል እምቢ አሉኝ፤ «ለሌላው ሐበሻ ንገርልኝ» ብቻ ብለው ሄዱ። ይህን ስጽፍ አደራቸውን እየተወጣሁ ነው።

ማይባኽኡፈር በተባለው የቦይ ዳር መንገድ ማክሰኞና ዓርብ የሚውለውን የጎዳና ገበያም የጠቆሙኝ እሳቸው ናቸው። ሊዘጋ ሲቃረብ ነጋዴዎቹ የቀራቸውን ቲማቲምና ዱባ በሣጥን እያደረጉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በአንድ ዩሮ፣ በሁለት ዩሮ ይጠራሉ፤ ልክ ጉልት ላይ ሲመሽ እንደሚደረገው ማለት ነው። ዳቦ ቤቶችም ያደረ ዳቦ ለይተው ዋጋውን ዝቅ አድርገው ይሸጣሉ፤ ለፍትፍት ደግሞ ያደረ ዳቦ ከትኩሱ ይሻላል።

ስለ ውኃ ጥቂት ልጨምር። የጀርመን የቧንቧ ውኃ የሚጠጣ ነው፤ ይህን ሳላውቅ ባሳለፍኳቸው ቀናት ከጣቢያ እየገዛሁ ከፍ ያለ ዋጋ ከፍያለሁ። የታሸገ የሚገዛ ሰው ደግሞ ደረሰኙ ላይ «ፕፋንድ» የሚል ተጨማሪ ሒሳብ ያያል። ይህ የጠርሙሱ መያዣ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚያገለግል የፕላስቲክ ጠርሙስና ለቆርቆሮ 25 ሳንቲም ነው፤ በቅናሽ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከውኃው ዋጋ ጋር እኩል የሚሆንበት ጊዜም አለ። እኛም አገር ለስላሳ ሲገዛ ባዶ ጠርሙስ አምጣ እንደሚባለው ነው፤ እዚያ የሚቀበለው ማሽን ብቻ ነው የሚለየው። ጠርሙሱን ሳይጨማተር ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ ወረቀቱን ተቀብሎ ለካሸሯ ሲሰጡ ከሒሳብ ይቀነሳል። ሆስቴላችን ውስጥ ጠርሙስ ትቶ የሚሄደው እንግዳ ብዙ ስለነበር አስተዳዳሪዋን አስፈቅጄ ሰበሰብኩና በአንድ ቀን 4 ዩሮ ከ75 ሳንቲም አገኘሁ፤ ወደ ግማሽ የቀን በጀቴ የሚጠጋ ማለት ነው።

ሥልጠናው ሲያልቅ ፋሲካን ከአክስቴ ልጅ ጋር ላሳልፍ በባቡር ወደ ፍራንክፈርት ሄድኩ። በዚያ ዓመት የእኛና የምዕራባውያን ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን እሑድ አንድ ላይ ውሎ ነበር። ስለዚህ ዓርብ ስቅለት ሱቅ ዝግ ነው፤ እሑድም ዝግ ነው፤ ሰኞም እዚያ የፋሲካ ማግሥት በዓል ስለሆነ ዝግ ነው። ክፍት የሚሆነው ቅዳሜ ሹር ብቻ መሆኑን ከዚያች ከመጀመሪያዋ እሑድ ስለተማርኩ፣ የአክስቴ ልጅ «ጠዋት እንሂድ» ስትለኝ «ዘጠኝ ሰዓት ይሁን» አልኳት። ምክንያቴ ይህ ነው፤ የመጠቀሚያ ቀኑ እሑድ ወይም ሰኞ ላይ የሚያልቅ ሥጋና የመሳሰለው ቅዳሜ ካልተሸጠ ሊጣል ይችላል፣ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ የቅናሽ ወረቀት ይለጠፍበታል። ከዚያ በላይ እንዳንቆይ ደግሞ ዶሮ ወጡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት መሠራት ነበረበት።

ስንደርስ ሕዝቡ ጋሪ በጋሪ ሆኖ መተላለፊያ ጠፍቷል። ከማቀዝቀዣው ጫፍ ሠላሳ በመቶ የሚል ብርቱካንማ ወረቀት የተለጠፈበት አንድ ሙሉ ዶሮ አገኘን፤ የመጠቀሚያ ቀኑ ሰኞ ያልቃል፣ የእኛ ድስት ደግሞ ያኑ ዕለት ይጣዳል። ሽንኩርቱን አስቀድመን ከቱርኮቹ ገዝተናል። የቀረው እንቁላል ነበር። ለአሥራ ሁለት ብልት አሥራ ሁለት እንቁላል ያስፈልጋል፤ እዚያ ግን የሚሸጠው በአሥርና በስድስት ታሽጎ ነው። የአክስቴ ልጅ ሁለት ባለ ስድስት አነሣች። እኔ ጎንበስ ብዬ ትንሿን መስመር አነበብኩና ሁለት ባለ አሥር እንድናደርገው ነገርኳት፤ የአንዷ እንቁላል ዋጋ በግልጽ ይቀንስ ነበር። ከዶሮ ወጡ የተረፉትን ስምንቱን ሰኞ ጠዋት፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ሆኖ ሳለ፣ በቃሪያና በቲማቲም ጠብሰን ቁርስ አደረግናቸው።