የሚኒቫናችንን ባትሪ ሌሊት ሌሊት ማን ነበር የሚጨርሰው?

መኪናችሁ ቆማ ባትሪ እየጨረሰች ካስቸገረቻችሁ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተር (ቮልትና አምፔር የሚለካ መሣሪያ) ግዙ። ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ደህናው ባትሪና ደህናው ዲናሞ ባልተቀየሩብኝ ነበር።

የኛዋ ሰባት ሰው የምትጭን፣ በሁለቱም ጎን ተንሸራታች በር ያላት የቤተሰብ ሚኒቫን ናት። በየቀኑ ስትነዳ ምንም የላትም። ሁለት ሦስት ቀን ከቆመች ግን ሞተሪኖው ጠቅ ጠቅ ይልና ዝም። ጋራዥ ወሰድኳት። ኤሌክትሪሺያኑ ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን በዓይኑ አየና «ባትሪው ሞቷል» አለ። ተቀየረ። ችግሩ ተመልሶ መጣ። «እንግዲያው ዲናሞው ነው» አለ። ተቀየረ። አሁንም ያው። ቀጥሎ «ኮምፒውተሩ ሳይሆን አይቀርም» ሲለኝ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰውየው ቴስተር በእጁ አልነካም። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ባትሪውንና ዲናሞውን ለመፈተሽ ብዙ ደቂቃ አይፈጅም። መኪናዋ ቆማ ካደረች በኋላ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ለኩ። 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ወርዷል። ሞተሩን አስነሱና ድገሙት። ከ13.5 እስከ 14.5 ካነበበ ዲናሞው እየሞላ ነው። የኛ 14.2 ነበር። ከመኪናዋ ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነብ ማንበቢያም ሰካሁ፣ ምንም አላገኘም። ርካሾቹ ማንበቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሞተር ኮድ ብቻ ነው የሚያነቡት፤ የበርና የመብራቱን ነገር አያዩትም። ስለዚህ «ኮድ የለም» ሲላችሁ አትረጋጉ።

ጣጣው ያለው መኪናዋ ቆማ ሳለች የሚፈሰውን ከረንት መለካት ላይ ነው። የተለመደው የጥገና መመሪያ ሲያወራው ቀላል ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ትፈታላችሁ፣ ቴስተሩን በገመዱና በባትሪው መሀል ታስገባላችሁ፣ ከዚያ ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ንባቡ የሚወርድበትን ትፈልጋላችሁ። ለድሮ መኪና ይሠራ ይሆናል። ለዛሬ ሚኒቫን ግን እብድ የሚያደርግ ሥራ ነው።

ለምን መሰላችሁ? እነዚህ መኪኖች ውስጥ ብዙ ትንንሽ ኮምፒውተሮች አሉ። ሞተሩ ስለጠፋ ወዲያው አይተኙም። አንዳንዶቹ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዶቹ ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። ንባቡ መጀመሪያ ላይ ብዙ አምፔር ያሳይና ቀስ እያለ ይወርዳል። ሲተኙ ከ50 ሚሊአምፔር (0.05 አምፔር) በታች መሆን አለበት። እሺ፣ ጠበቅን እንበል። ከክሩስኮቱ ሥር ያለውን የፊውዝ ሳጥን ለመድረስ በሩን ስትከፍቱ ሁሉም ይነቃሉ። ፊውዝ ነቅላችሁ ስትመልሱም ይነቃሉ። እንደገና መጠበቅ። ሙሉ ቀን እንዲህ አለፈ፤ ያገኘሁት ነገር ቢኖር የተዘበራረቀ ቁጥር ብቻ ነው። ይህን መመሪያ የጻፈው ሰው አንድ ቀን እንኳ ሞክሮት ያውቃል?

በኋላ የሠራልኝ ዘዴ ይኸውላችሁ። በሩን ከፍታችሁ፣ በበሩ ጠርዝ ላይ ያለውን የመቆለፊያ ምላስ በጠመንጃ መፍቻ ገፋ አድርጉት። ጠቅ ብሎ ሲዘጋ መኪናዋ በሩ የተዘጋ ይመስላታል። (ስትጨርሱ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት እጀታውን ስባችሁ ምላሱን መልሱት፤ አለዚያ መቆለፊያውን ትሰብራላችሁ።) ቁልፉን በኪስ በመያዝ ብቻ የምትከፈት ከሆነ ቁልፉን ራቅ አድርጉ። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ተዉአት። ቴስተሩ በመሀል እያለ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ፊውዝ ደግሞ አትንቀሉ። እያንዳንዱ ፊውዝ አናቱ ላይ ሁለት ጥቃቅን የብረት ነጥቦች አሉት። ሌላ ቴስተር ሚሊቮልት ላይ አድርጋችሁ እነሱን ንኩ። ዜሮ ከሆነ ከረንት አያልፍም። ቁጥር ካሳየ ያልፋል። በቃ። ማንም አይነቃም።

አንድ ሰዓት ያህል ከጠበቅኩ በኋላም የኛዋ 0.35 አምፔር ላይ ቀርታለች። በቀን ከ8 አምፔር ሰዓት በላይ ማለት ነው። 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ችሎ፣ በዚያ ላይ ሞተር እንዲያስነሳ መጠበቅ ግፍ ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ስነካ የግራው ተንሸራታች በር ፊውዝ ቁጥር ሰጠኝ።

ልጆቹ «ይሄ በር አንዳንዴ መሀል ላይ ይቆማል» ሲሉ ከርመዋል። ለኤሌክትሪሺያኑም ነግሬው ነበር፤ ከባትሪ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ሳቀ።

ወደ በሩ የሚሄደው የሽቦ ጥቅል በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋል። ሽፋኑን ገፍፌ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በቀስታ ሳብኳቸው። ደህናው ሽቦ አይለጠጥም። አንዱ ግን እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ፕላስቲኩ ሙሉ ነው፣ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሷል። ሲነካካና ሲለያይ መኪናዋ በሩ የተከፈተ እየመሰላት ሌሊቱን ሙሉ ነቅታ ታድራለች። የውስጥ መብራቱ ግን ከቆይታ በኋላ ራሱ ስለሚጠፋ ከውጭ የሚታይ ምልክት የለም።

ሽቦውን በቴፕ ጠቅልላችሁ አትለፉት። በበየዳ የምታገናኙት ከሆነ ከሚታጠፈው ቦታ ራቅ አድርጉ፤ የተበየደ ሽቦ ደርቆ እዚያው ይሰበራል። ብዙ ቀጭን ክር ያለው ተጣጣፊ ሽቦ ተጠቀሙ። ቀይሬ ስለካ 0.03 አምፔር።

አሮጌውን ዲናሞዬን ለመጠየቅ ተመልሼ ሄድኩ። «ተጥሏል» አሉኝ። ዕቃ ሲቀየርላችሁ አሮጌውን በዚያው ሰዓት ተቀበሉ።