የዋልታ ሳተላይት ዳታ፦ ደመናውን ከበረዶው መለየት

ሰሞኑን የሳተላይት ዳታ ልምምዴን ወደ ሰሜን ዋልታ አዙሬዋለሁ። ፓይተንና ሳትፓይ (የሳተላይት ዳታ የሚያነብ የፓይተን መሣሪያ) የምትሞካክሩ ካላችሁ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ስለ ዋልታ የአየር ሁኔታ ትንበያ ሲነሳ ቶሎ የሚሰማው «ዳታ የለም» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። በአርክቲክ ውቅያኖስ ዙሪያ የመለኪያ ባሎን የሚለቁ ጣቢያዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ከምድር ወገብ በላይ፣ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው አንድ ቦታ ላይ ቆመው የሚመለከቱት ሳተላይቶችም ብዙ አይረዱም። ከ60 ዲግሪ ኬክሮስ አልፎ ያለውን ምድር በጣም አጋድለው ስለሚያዩት ምስሉ ይጨማደዳል። በዋልታ ምህዋር የሚዞሩት ግን ሌላ ናቸው። ከፍታቸው 800 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ምድርን በ100 ደቂቃ ገደማ አንዴ ይዞራሉ፣ በየዙሩም በዋልታው አጠገብ ያልፋሉ። እነሱ ቶሎ ቶሎ የሚያዩት ቦታ ቢኖር ዋልታ ነው። እንግዲህ ፈተናው ማየቱ ሳይሆን የታየውን መለየቱ ነው።

መጀመሪያ የያዝኩት ደመናን ከበረዶ መለየት ነበር። ቴራና አኳ በተባሉት የናሳ ሳተላይቶች ላይ ያለውን የሞዲስ መሣሪያ ምስል በተለመደው ቀለም ስትከፍቱት ሁሉም ነጭ ነው። ፀሐይ ካለች መላው ቀላል ነው። የ1.6 ማይክሮሜትሩን ቻናል፣ ማለትም መሣሪያው ለብቻው የሚለካውን ያንን የሞገድ ርዝመት፣ ታመጣላችሁ። በረዶው ያንን ጨረር ስለሚውጥ ይጠቁራል፣ የውሃ ጠብታ ያለው ደመና እንዳበራ ይቀራል። ከበረዶ ቅንጣት የተሠራው ከፍተኛ ደመና ግን አብሮ ይጠቁራልና እሱን ልብ በሉ። ደግሞ አኳ ላይ ካለው ሞዲስ የ1.6 ዳሳሾች አብዛኞቹ የተበላሹ ስለሆኑ ዳታውን ከቴራ ውሰዱ፣ አለዚያ በ2.1 ተጠቀሙ።

ጨዋታው የሚከብደው በጨለማው ወራት ነው። ፀሐይ ስለማትወጣ የሚቀረን ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ነገሮች እንደ ሙቀታቸው የሚያወጡት የማይታይ ጨረር ነው። ሌላ ቦታ ኢንፍራሬድ ላይ ቀዝቃዛው ደመና፣ ሞቃቱ መሬት ነው። እዚህ ይገለበጣል። የበረዶው ወለል ከላዩ ካለው አየር ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ደመናው ከወለሉ ሞቅ ብሎ ይገኛል። አንዳንዴ ሁለቱ እኩል ይሆኑና ደመናው ከምስሉ ላይ ድራሹ ይጠፋል!

ለዚህ የጠቀመኝ ሁለት ቻናሎችን ማቀናነስ ነው። 11 ማይክሮሜትር ወለሉን ያያል። 7.2 ደግሞ በውሃ ትነት ምክንያት ከወለሉ ከፍ ያለውን አየር ያያል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ወለሉ በጣም ሲቀዘቅዝ 7.2 ከ11 ይልቅ ሞቆ ይታያል። ደመና ሲገባ ልዩነቱ ይጠባል። ቅናሹን በካርታ ሳወጣው ቀድሞ ያልነበረ የደመና ጠርዝ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ቪርስ የተባለው ተተኪ መሣሪያ ምስሉ ከሞዲስ ይጠራል፣ ይህ የ7.2 ቻናል ግን የለውም። ለምን እንደተተወ ባስብ ባስብ አይዋጥልኝም። ደግነቱ እ.ኤ.አ. በ2025 የመጠቀው የአውሮፓ ሁለተኛ ትውልድ ሜቶፕ ሳተላይት ይዞታል።

ቀጥሎ ወደ ማይክሮዌቭ ገባሁ። ለትንበያ ሞዴሎች ትልቁን ጥቅም ከሚሰጡት ዳታዎች አንዱ ይህ ነው፤ ደመናን በአብዛኛው አልፎ የአየሩን ሙቀትና እርጥበት በየከፍታው ይለካል። ግን ከወለሉ የሚወጣውን ጨረርም አብሮ ይቀበላል። ኤትኤምኤስ በተባለው መሣሪያ የ31 ጊጋኸርዝ ቻናል ላይ የባህር በረዶውን ዳርቻ ተመልከቱ። ክፍቱ ውሃ በእርግጥ ከበረዶው ይሞቃል። ምስሉ ላይ ግን ውሃው ቀዝቃዛ፣ በረዶው ሞቃት መስሎ ይወጣል። ምክንያቱም ውሃ በዚህ ሞገድ የሚያመነጨው ጨረር ትንሽ ነው። ይህ የማመንጨት አቅም፣ ማለትም ኢሚሲቪቲ፣ በአዲስ በረዶ፣ በቆየ በረዶና አመዳይ በለበሰ በረዶ ይለያያል። ሞዴሉ ይህን ካላወቀ የወለሉን ለውጥ የአየር ሙቀት ለውጥ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የዋልታ አየር ደረቅ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሌላ ቦታ እርጥበቱ የሚጋርዳቸው ቻናሎች እዚያ ወለሉን ማየት ይጀምራሉ።

የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ያደረገው ጥናት ይህንኑ ያሳያል። በአርክቲክ የማይክሮዌቭ ዳታ ትንበያውን ይበልጥ የሚያግዘው በበጋ ነው። በብርዱ ወራት ግን ከመሬት ጣቢያና ከባሎን የሚመጣው ልኬት ይበልጣል። አንዱ መላ፣ ወለሉን ከሚያይ ቻናል ኢሚሲቪቲውን አስልቶ ለአጎራባቹ ቻናል መስጠት ነው። በሁለት ቅርብ ድግግሞሾች ላይ ሞክሬው ጥሩ ነው። ራቅ ሲሉ ግን አመዳዩ ጨረሩን ስለሚበትን ስሌቱ አይሠራም።

ንፋስን ገና ዳር ዳሩን ነው ያየሁት። ሐሳቡ በተከታታይ ሦስት ዙሮች አንድን ደመና መከተል ነው፤ ሲጓዝ አቅጣጫውና ፍጥነቱ ይታወቃል። በዙሮቹ መካከል 100 ደቂቃ ገደማ ስለሚያልፍ ደመናው ቅርጹን ይቀይራል። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2023 ያመጠቀቻቸው ሁለቱ የአርክቲካ-ኤም ሳተላይቶች በሞላላ ምህዋር ዋልታው ላይ ለረጅም ሰዓት ስለሚቆዩ ለዚህ ይመቻሉ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የመጠቀው የአውሮፓ አርክቲክ ዌዘር ሳተላይትም አለ። 125 ኪሎ ግራም ብቻ ሆኖ 19 የማይክሮዌቭ ቻናሎች ይዟል። ስተርና በሚል ስም ስድስት መሰሎቹን የማሰማራት ዕቅድም ወጥቷል። ጥሩ ነው፣ ልኬቱ ይበዛል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን የወለሉ ስሌት ካልተሻሻለ ከሚበዛው ልኬት ብዙው በብርዱ ወራት ይጣላል።

አሁን የያዝኩት የኤትኤምኤስን ልኬት ከስቫልባርዱ የኒ-ኦለሱን ጣቢያ የባሎን ልኬት ጋር ማነጻጸር ነው። ጣቢያው በ79 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ስላለ ሳተላይቶቹ ደጋግመው ያልፉበታል። ለስሌቱ አርቲቶቭ የተባለውን የጨረር ሞዴል እየጫንኩ ነው። በፓይተን ያስኬዳችሁት ካላችሁ፣ ለባህር በረዶ የትኛውን የወለል አማራጭ እንደመረጣችሁ ንገሩኝ።