የወይን እርሻ ጉብኝት ከመክፈላችሁ በፊት ሐረጉ ድረስ የሚወስዳችሁ ማን እንደሆነ ጠይቁ

ቢሾፍቱ ባለው ግቢያችን አንድ የወይን ሐረግ አለ። ቅጠሉ አጥሩን ሸፍኖታል፤ ፍሬው ግን እፍኝ አይሞላም ነበር። ለእረፍት ኬፕ ታውን ወንድሜ ዘንድ ስሄድ ስቴለንቦሽን ሳላይ ላልመለስ የወሰንኩት ለዚህ ነው። በወይን እርሻ የተከበበች ከተማ ናት፤ ከኬፕ ታውን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ቪዛውም በረራውም ያለ ችግር አለቀ፤ ወሩም የካቲት፣ አዝመራ የሚለቀምበት ነበር።

ያስመረረኝ አስጎብኚ ድርጅቱ ነው። ማስታወቂያው «ትምህርታዊ የወይን እርሻ ጉብኝት» ይላል። ከመክፈሌ በፊት ስለ ሐረግ አገራረዝ የሚያስረዳ ባለሙያ ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁ፤ «ሁሉም ተካትቷል» ተባልኩ። በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ ከገባን በኋላ በአንድ ቀን አራት እርሻ እንደምናዳርስ ተነገረን። በአራቱም ያየሁት ያው ነው፦ መኪና ማቆሚያ፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ብርጭቆ፣ ሱቅ፣ ከዚያ ቶሎ ወደ መኪናው። ከመስኮቱ ባሻገር ሠራተኞች ዘለላውን እየቆረጡ ሣጥን ይሞላሉ። «ወርደን እንጠይቃቸው» ስል አስጎብኚው ሰዓቱን አሳየኝ። መጠጥ እንደማልቀምስ ስነግረው ደግሞ «ታዲያ እዚህ ምን አመጣዎት?» አለኝ። ይህ አነጋገር ዛሬም ያንገበግበኛል። ወይን ከመጠጥነቱ በፊት ተክል ነው፤ አፈርና ገበሬ አለው።

ፒኖታዥ የተባለው ቀይ ወይን ሲቀዳ ዝርያው ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት። «የጥንት የፈረንሳይ ዝርያ ነው» ብሎ አለፈ። ፒኖታዥ እ.ኤ.አ. በ1925 ፕሮፌሰር አብራሃም ፔሮልድ እዚያው ስቴለንቦሽ ፒኖ ኗር የተባለውን የወይን ዝርያ ሳንሶ ከተባለው ጋር አዳቅለው ያገኙት ነው። እኔ ይህን ከአዲስ አበባ አንብቤ መጥቻለሁ፤ በየቀኑ እዚያ የሚመላለስ፣ ለማስተማር ገንዘብ የተቀበለ ሰው አያውቀውም! ማታ ቢሮአቸው ሄጄ ገንዘቤ ይመለስልኝ ብል «ቅምሻውም ትምህርት ነው» ተብዬ የቅሬታ ቅጽ ሞላሁ። መልስ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ በቀጥታ ወደ አንድ ትንሽ እርሻ ደወልኩ። «ቅምሻ አልፈልግም፤ ሐረግ ከሚገርዝ ሰው ጋር አገናኙኝ» አልኳቸው። ለቀማው ፀሐይ ሳትበረታ ስለሚካሄድ በንጋት እንድመጣ ነገሩኝ። ያገኘሁት ሠራተኛ አዛውንት ነው። መጀመሪያ አንዲት ፍሬ ጨምቆ ዘሯን መዳፌ ላይ አስቀመጠ፦ አረንጓዴ ከሆነች ገና ናት፤ ቡናማ ሆና ጥርስ ሥር ቀጭ ካለች ደርሳለች። ቀጥሎ ተንበርክኮ ከግንዱ ሥር አፈሩን ጠረገና ያበጠ ጠባሳ አሳየኝ። ከጠባሳው በላይ ያለው የአውሮፓ ወይን ነው፤ በታች ያለው ሥር ግን የአሜሪካ። ፊሎክሴራ የተባለው ክሽክሽ መሰል ተባይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኬፕን ወይን ከሥሩ ሲያጠፋ፣ መዳኛ የሆነው የአውሮፓውን ቅርንጫፍ ተባዩን በሚችል የአሜሪካ ሥር ላይ ቆርጦ ማጣበቁ ነበር።

ስለ ቢሾፍቱው ሐረግ ስነግረው ሳቀ። ፍሬ የሚይዘው ቀንበጥ ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ የሚበቅለው ነው፤ ስለዚህ በየቅርንጫፉ ሁለት ዓይን (ቀንበጥ የሚወጣበት እብጠት) ብቻ ተትቶ ሌላው ይቆረጣል። እነሱ ይህን የሚያደርጉት ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ብርዱ ሐረጉን ሲያስተኛው ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ ሐረጉ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ይቀራል፤ ውኃ ቀንሶ፣ ገርዞ፣ እንደገና ማስጀመር ያስፈልጋል። ተመልሼ እንዳለኝ ስገርዘው ጎረቤት «ገደልሽው» ብሎ ነበር። ቀጥሎ የያዘውን ዘለላ ግን ያው ጎረቤትም በልቶታል፤ በዚህ እኮራለሁ።

የጉብኝት መምሪያዎች ታኅሣሥን ያወድሳሉ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስትና አራት እርሻ በአንድ ቀን ይላሉ። እኔ አልስማማም። በታኅሣሥ ፍሬው ጥሬ ነው። አንድ እርሻ ይበቃል፤ እሱም በማለዳ። ቤታችሁ ወይን ካላችሁ ደግሞ «ምንም የማይታይበት ወቅት» በሚሉት በሐምሌ ሂዱ፤ መቀሱ ሥራ ላይ ነው። ረድፉ ውስጥ ይዟችሁ የሚገባው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ካልነገሯችሁ አትክፈሉ። ክፍያውን ለእርሻው አድርጉት፤ ላስረዳችሁ ሠራተኛ ደግሞ የድካሙን በእጁ ስጡት።