የባዶ ፓኬት ቆጠራ፦ አንድ ዓመት በሕክምና እርዳታ ሥራ

ጋምቤላ ክልል በሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ አንድ ዓመት በነርስነት ሠርቼ ወደ ጅማ ከተመለስሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ኮቺ ሰፈር ያሉት ጎረቤቶቻችን ቡና ባፈሉ ቁጥር ይጠሩኛል፤ «እንኳን ደኅና መጣሽ» ከተባለ በኋላም እናቴ የምታከብራቸው አንዲት አሮጊት የጠየቁኝ ይደገማል፦ «ልጄ፣ ያ ሁሉ የእርዳታ ገንዘብ እውን ለበሽተኛው ይደርሳል?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሲኒ መካከል የሚመለስ ስላልሆነ ግን እዚህ ልጻፈው።

የሠራሁበት ጣቢያ በ2013 መጨረሻ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ድንበር የተሻገሩ፣ አብዛኞቹ ኑዌር የሆኑ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ነው። ዝናብ ሲገባ ወባው ይበረታል። እኔ የተመደብሁት በከፋ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ክፍል ነበር።

አንድ ቀን አንዲት እናት ሁለት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ይዛ መጣች። የክንድ መለኪያውን ቴፕ ሳጠልቅለት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ያለው ቀይ መስመር ላይ ቆመ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው መብላት መቻሉ ነው፤ የማይበላ ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ያለበት ከሆነ ተኝቶ ኤፍ 75 የተባለውን ወተት በጥቂት በጥቂቱ ይወስዳል፤ የተዳከመው ሰውነት ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ቢሰጠው ልብ ሊደክም ይችላልና። ይህ ልጅ ግን ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት የተሠራውን ፕላምፒ ነት ከጣቴ ላይ ላሰው፤ ቀጥሎ ፓኬቱን ራሱ ያዘው። አንዱ ፓኬት 92 ግራም ሲሆን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጉልበት ይሰጣል። ለሳምንቱ 18 ፓኬት ቆጥሬ ለእናቱ ሰጠኋት፤ ባዶዎቹን ይዛ እንድትመለስም በአስተርጓሚ ነገርኋት።

ለአሮጊቷ ጥያቄ የመጀመሪያ መልሴ ይህ ነው፤ ባዶው ፓኬት ተመልሶ ይቆጠራል፣ ይመዘገባል፣ ሪፖርቱም እስከ ለጋሹ ይሄዳል። ቆጠራው ሁሉንም እንደማይናገር ደግሞ የተረዳሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። 18ቱም ባዶ ሆነው ተመለሱ፣ የልጁ ክብደት ግን አልጨመረም። እናቱ ለታላቅ እህቱ ታካፍል ኖሯል። ሁለቱም የሚራቡ ልጆች ያሏትን እናት ለአንዱ ብቻ ስጪ ማለት በዓመቱ ከከበዱኝ ነገሮች አንዱ ነው። እህቱንም አስመጥተን ለካናት፤ ለእርሷም የሚገባትን መዘገብንላት።

ሁለተኛው መልሴ ያሳዝነኛል። እኔ እንዳየሁት ትልቁ ችግር ስርቆት አይደለም፤ የገንዘቡ መታሰር ነው። በዓመቱ አጋማሽ የአንድ ለጋሽ ድጋፍ በድንገት ተቋረጠ። ለሥልጠና የተያዘ ገንዘብ እጃችን ላይ ነበር፤ ነገር ግን ከተመደበለት የበጀት መስመር ወጥቶ ለአምቡላንስ ነዳጅ እንዲውል ስላልተፈቀደ ከሁለቱ መኪኖች አንዷ ቆመች። በዚያው ወር ምጥ የጠናባት አንዲት እናት በሰው ሸክም ዘግይታ ደረሰች። እርሷ ተረፈች፤ ልጇን ማትረፍ አልቻልንም። የሞተው በነዳጅ እጦት ብቻ ነው ማለት አልችልም፤ ያቺ የቆመች መኪና ግን ከዓይኔ አትጠፋም።

ለዚህ ነው ድንበር የለሽ ሐኪሞች የገንዘብ ምንጩን በተመለከተ የያዘውን አቋም የማደንቀው። እኔ በድርጅቱ ውስጥ አልሠራሁም። በ1971 ፓሪስ ውስጥ የተመሠረተውና በ1999 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው ይህ ድርጅት ከገቢው 95 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያገኘው ከመንግሥታት ሳይሆን ከግል ለጋሾች፣ በተለይም ጥቂት ጥቂት ከሚያዋጡ ሚሊዮኖች ነው። በ2016 ከአውሮፓ ኅብረትና ከአባል አገራቱ ገንዘብ አልቀበልም ያለውም የስደተኞች ፖሊሲያቸውን በመቃወም ነበር፤ እንዲህ ለማለት ያስቻለው የእነዚያ ሰዎች መዋጮ ነው። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቋርጥ በእርሱ ላይ ቆመው የነበሩ ሥራዎች በየአገሩ ምን እንደገጠማቸው አይተናል።

ይህን የገንዘብ መታሰር ለአሮጊቷ በእድር ምሳሌ አስረዳኋቸው። እድራችን ለሐዘንተኛ ብር ሲሰጥ ለእንጀራ ነው ወይስ ለመኪና ኪራይ ብሎ አይጠይቅም፤ የሚያስፈልገውን የሚያውቀው ባለ ሐዘኑ ነውና። «እንግዲያ ለጋሾቹስ ለምን ይጠይቃሉ?» አሉኝ። የሰጡት ገንዘብ የሌላ ሰው ግብር ስለሆነና ለዚያ ሰው ቁጥር ማሳየት ስላለባቸው ነው አልኋቸው፤ ቆጠራውን እኔም አልጠላውም።

ያ ልጅ በአሥረኛው ሳምንት 12.6 ሴንቲ ሜትር ተለካ፤ በተከታዩም ሳምንት አልቀነሰም። እናቱ የመጨረሻዎቹን 20 ባዶ ፓኬቶች በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ፈታቻቸው፤ አብረን ቆጠርናቸው።