ፍቄ ያጠፋሁት ቁጥርና ከዚያ ወዲህ የተማርኩት

ከአሮጌ አውሮፕላን አካላት የተሠሩ ዕቃዎችን መሰብሰብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የመጀመሪያው ዕቃዬ ከእንጨት ፕሮፔለር (ሞተሩ እያሽከረከረው አውሮፕላኑን ከሚያስኬደው ክንድ) እምብርት የተሠራ ሰዓት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፕሮፔለር ሲሰበር ወይም ከአገልግሎት ሲወጣ ክንዶቹን ቆርጠው መሀሉን ያስቀሩ ነበር፤ የሞተሩ ዘንግ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ሰዓት ወይም ባሮሜትር ይገጥሙበታል። ከክንዶቹ ጫፍ ደግሞ የፎቶ ፍሬም ይሠራ ነበር።

ትልቁን ስሕተቴን የሠራሁት በዚሁ ሰዓት ላይ ነው። ቫርኒሹ ጠቁሮና ተሰነጣጥቆ ስላየሁት በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ እንደገና ቀባሁት። አብረቀረቀ፣ እኔም ደስ አለኝ። ቆይቼ ግን የዚያ ዘመን የብሪታንያ ፕሮፔለሮች እምብርታቸው ላይ የንድፍ ቁጥር፣ ዲያሜትር፣ ፒች (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋበት ርቀት) እንዲሁም የሞተሩ ዓይነትና የፈረስ ጉልበት ተመትቶ እንደሚጻፍባቸው አነበብኩ። ሮጬ ሄጄ ሳይ የቀረልኝ አንድ ፊደልና የቁጥር ግማሽ ብቻ ነው። ለየትኛው ሞተር እንደተሠራ የሚነግረኝን ምስክር በገዛ እጄ አጠፋሁት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ አንድ ዕቃ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው ሳልነካው ማየት ነው። የእውነተኛ ፕሮፔለር እንጨት ወጥ አይደለም፤ ዋልነት፣ ማሆጋኒ ወይም ሌላ ጠንካራ እንጨት ተነባብሮ በሙጫ የተጣበቀ ነው። በቡሎን ታስሮ የሠራ ከሆነ ደግሞ የብረቱ ሰሌዳ እንጨቱን ተጭኖ የተወው ክብ ምልክት ይታያል። ለጌጥ ተብለው በሚሠሩት አዳዲሶቹ ላይ ይህን ምልክት አላገኘሁም።

አሁን ይበልጥ የሚስበኝ ፒስተን፣ ማለትም በሞተር ሲሊንደር ውስጥ የሚመላለሰው ክፍል ነው። ተገልብጦ የሲጋራ መተርኮሻ የሆነ የአሉሚኒየም ፒስተን ብዙ ጊዜ «ከስፒትፋየር የወጣ» ተብሎ ይቀርባል፤ ስፒትፋየር የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ተዋጊ አውሮፕላን ነው። የአብዛኞቹ ስፒትፋየሮች ሞተር የሆነው የሮልስ ሮይስ መርሊን 12 ሲሊንደርና 27 ሊትር ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 137 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ካሊፐሬን (የስፋት መለኪያዬን) ይዤ እለካለሁ፤ ፒስተኑን የሚከቡት ፋሻዎች (ቀለበቶች) የሚገቡበትን ቦይና ፒኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ እመረምራለሁ። ልኩ ቢገጥም እንኳ ነገሩ አላለቀም። መርሊን በሃሪኬን፣ በላንካስተርና በሞስኪቶ አውሮፕላኖች ላይም ይሠራ ነበር። ከእሱ የተወለደውና በክሮምዌል ታንክ ላይ የተገጠመው ሚቲዮር የተባለው ሞተርም የሲሊንደር ስፋቱ ያው ነው። እንግዲህ «ከስፒትፋየር» የተባለው ፒስተን ጨርሶ ሰማይ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል! ይህን ካወቅሁ ወዲህ ልኬት ስለ ሞተሩ እንጂ ስለ አውሮፕላኑ እንደማይመሰክር ገብቶኛል። አውሮፕላኑን የሚመሰክረው አብሮት የመጣ ወረቀት ነው።

ጀማሪ ለሆናችሁ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ከኮክፒት (ከአብራሪው ክፍል) የወጡ ጌጆች፣ ማለትም ከፍታና ፍጥነት የመሳሰሉትን የሚያሳዩ መለኪያዎች፣ ተፈተው የጠረጴዛ ጌጥ ሲሆኑ ታያላችሁ። በድሮዎቹ ቁጥሮችና ቀስቶች ላይ በጨለማ እንዲያበራ የተቀባው ቀለም ራዲየም ሊኖረው ይችላል። ዛሬ አያበራም ማለት ጨረሩ አልቋል ማለት አይደለም፤ የደከመው ብርሃን ሰጪው ውሕድ ነው። የራዲየም 226 ግማሽ ዕድሜ 1600 ዓመት ያህል ነው። መስታወቱን አትክፈቱ፣ ቀለሙን አትፋቁ፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከፕሮፔለር ጫፍ የተሠራ የፎቶ ፍሬም አገኘሁ። ጠርዙ በነሐስ ተሸፍኗል፤ ጫፉ ላይ እርጥበት እንዲወጣ የተበሱ ሦስት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፣ በጥቁር ቆሻሻ ተደፍነዋል። ፍሬሙን የቆረጠው ሰው የመጋዝ ጥርስ ምልክት ከጀርባው ላይ እስካሁን ይታያል። ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ጨርቅ እንኳ ገና አላስነካሁትም።